የረቡዕ ጥም

«እትዬ እመቤት፣ ትንሽ ውሃ ባገኝ?»

ፀጉር አስተካካዩ ይህን ሲል ለቀስተኛው ሁሉ ወሬውን አቋርጦ ወደ እሱ ዞረ። የእመቤት ባል ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ውሃው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው አጠገቡ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ በትልቅ ጆግ ከነብርጭቆዎቹ ተቀምጧል። እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል።

የእመቤት ታላቅ እህት ብድግ ብላ ጆጉን አነሳች። «እኔ ልቅዳልህ።»

«አይ፣ እርስዎ አይቸገሩ። ከቧንቧው አሁን የወረደ፣ ቀዝቀዝ ያለ ቢሆን ብዬ ነው» አለ፤ ዓይኑን ግን ከእመቤት ላይ አልነቀለም።

እመቤት ባሏን ከቀበረች ወዲህ ከዚያ ወንበር የተነሳችው ለመተኛት ብቻ ነው። ሲያቅፏት ትታቀፋለች፣ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ሲሏት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሳህን ሲያቀርቡላት በጣቷ ገፋ ታደርጋለች። አሁን ለመከራከር እንኳ አቅም ስላጣች ተነሳች። ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆ አለቀለቀች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ ቀዳች፣ ዘጋች። ቧንቧው እንደ ልማዱ ጠብ፣ ጠብ ማለቱን ቀጠለ። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው፤ የገዛ ቤቱን ግን «ቅዳሜ፣ ቅዳሜ» እንዳለ ሞተ።

ፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጨለጠው። «እጅሽ ይባረክ፤ ጠምቶኝ ነበር» አለና ባዶውን ብርጭቆ መለሰላት።

«ዓይን አውጣ!» አለች እህትየው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ባልሽ ሰው ያደረገው ሰውዬ ባዶ እጁን መምጣቱ ሳያንስ በሐዘንሽ ላይ ያዝሻል?»

እህትየው ክፉ ሰው አይደለችም። መርዶውን በሰማች ዕለት ሥራዋን ጥላ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይራ ነው የደረሰችው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቤቱን የያዘችው እሷ ናት፤ ሰው የምታስቀምጠው፣ ሻይ የምታፈላው፣ ድስት የምትመልሰው እሷ ናት። የእመቤትንም ነገር ቆርጣዋለች። በመጪው ረቡዕ ከሰዓት መኪና ይመጣል፣ ቤቱ ይዘጋል፣ እመቤት ከእሷ ጋር ሄዳ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ትይዛለች። «ምንም አትነኪም። ቁጭ ብለሽ ነው የምትጦሪው» ብላታለች።

እመቤት እሺ ብላለች። እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ምክንያቷን ቀብራ ነው የመጣችው። ልጅ አልወለዱም። ቢሆንም «ትጦሪያለሽ» የምትለዋ ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክታ ቀርታለች። ተቀባይ ብቻ መሆንን ታውቀዋለች። ልጅ ሆና በደንብ አይታዋለች፤ ዳግመኛ ወደዚያ ከመመለስ ደግሞ የምትፈራው ነገር የለም።

ስሟ እመቤት አይደለም። እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ አለ፣ እዚያው ይቀመጣል። እመቤት ያላት ባሏ ነው። እሱንም ቢሆን በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ ልጅ አዋቂው «ጋሼ ጥማቱ» ነው የሚለው።

ይህን ስም ያተረፈው በቤተ ክርስቲያኑ የጉብኝት ቡድን ነው። ቡድኑ የሚሄደው የቸገራቸው ቤተሰቦች ዘንድ ነው። ጋሼ ጥማቱ ረቡዕ ረቡዕ ግማሽ ቀን ብቻ ይሠራና የመፍቻ ቦርሳውን ቤት ጥሎ ይወጣል። አዲስ የገቡ ወጣቶች ዱቄትና ዘይት ተሸክመው ሊከተሉት ሲሉ «አስቀምጡ!» ይላቸዋል። «መጀመሪያ ቀን ጉሮሯችሁን ብቻ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት።»

በር ያንኳኳና ውሃ ይለምናል። ሥራው ይኸው ነው። ይሰጡታል፣ ይጠጣል፣ አመስግኖ ትንሽ ይጫወትና ይሄዳል። በሁለተኛው ቀን ሌላ ነገር ይለምናል። ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ፀጉር አስተካካይ አልነበረም፤ ሥራ ያጣ የአምስት ልጆች አባት ነበር። ጋሼ ጥማቱ የልጆቹን ራስ አይቶ «ይህን ማን ቆረጠው?» አለ። «እኔ ነኝ፤ በልብስ መቀስ» አለ ሰውዬው አፍሮ። «እንግዲያው እኔንም ቁረጠኝ» ብሎ ቁጭ አለ። የዚያን ቀን ቤቱ ሲገባ እመቤት በሯን ይዛ ሳቀች። ፀጉሩ በግራ በኩል አይጥ የበላው ይመስል ነበር። ሁለት ሳምንት እንደዚያው ሆኖ ሥራ ሄደ፤ ለጠየቀው ሁሉ «ፀጉር አስተካካይ አለኝ፣ ላሳይህ?» ይል ነበር። በሦስተኛው ጉብኝት ቡድኑ ወንበር፣ መስታወትና ደህና መቀስ ይዞ ሄደ። ይኸው ዛሬ የሰፈሩ ወንድ ግማሹ ራሱን የሚሰጠው ለዚያ ሰው ነው።

ጋሼ ጥማቱ አንድ ነገር ነበረበት፤ ውሸት አይችልም። ስለዚህ ረቡዕ ረቡዕ ከጠዋት ጀምሮ ውሃም ሆነ ሻይ በአፉ አይዞርም።

«ሳይጠማኝ ጠማኝ ብዬ ሰው ቤት አልገባም» ይላል፣ እመቤት የቀዳችለትን ሻይ በጣቱ ገፋ እያደረገ።

«አንተን እግዜር ሲፈጥርህ ግመል ሊያደርግህ አስቦ ነው በመሐል ሐሳቡን የቀየረው።»

«ትመጫለሽ ታዲያ?»

«አንተ ሂድ። እኔ ራት እሠራለሁ።»

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በየረቡዑ፣ «ትመጫለሽ?» ብሏታል። እሷ አንድም ቀን አልሄደችም። ለምን እንደማትሄድ ስለሚያውቅ ምክንያቷን ጠይቋት አያውቅም፤ «ትመጫለሽ?» ማለቱን ግን አላቋረጠም። ማታ ሲመለስ በር እስኪከፈትለት መታገስ እያቃተው «መንገድ ልቀቂ!» እያለ ወደ ሽንት ቤት ይሮጥ ነበር፤ ሦስት ቤት የጠጣው ውሃ ቀላል አይደለም። ያ ሩጫው ሳይቀር ናፈቃት። አሁን ማንም ቢሮጥ የእሱን ያህል አያስቃትም።

ቅዳሜ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። የመንደሩ ሰው ዳቦ የሚገዛው ከእሷ ነው፤ ያን ዕለት ግን አንድ ፍሬ እንኳ ሳትይዝ፣ እጇን እያወዛወዘች ገባች። እህትየው ከላይ እስከ ታች አየቻት። ጎረቤቱ ድስት በድስት ላይ እያመጣ ወጥ ቤቱ መርገጫ ጠፍቶታል፤ እነዚህ ጋሼ ጥማቱ እግሩ እስኪቀጥን የተመላለሰላቸው ሰዎች ግን ሁሉም ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት።

ዳቦ ጋጋሪዋ አለቀሰች፣ ተቀመጠች፣ ትንሽ ቆይታ «እትዬ እመቤት፣ መርፌና ክር አይጠፋሽም መቼም። የቀሚሴ ጠርዝ ተተርትሮብኛል፤ ዓይኔ ደግሞ ክር ማስገባት እምቢ ብሎኛል» አለች።

እመቤት ተነሳች። የመርፌ ሣጥኗን አወጣች፣ ክር መረጠች፣ እዚያው ሴትዮዋ እግር ሥር ተንበርክካ የቀሚሱን ጠርዝ ሰፋች። አንድ ስንዝር የማይሞላ ነገር ነው። እየሰፋች ሳለ ባሏ እንደሞተ ለጥቂት ደቂቃ ረሳች፤ ጨርሳ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ሁሉም ተመልሶ መጣባት።

«እነዚህ ሰዎች ይሉኝታ የሚባል አልፈጠረባቸውም» አለች እህትየው ወጥ ቤት ውስጥ ድስት እያጋጨች።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ወንጌላዊው መጣ። ከጋሼ ጥማቱ ጋር ብዙ ዓመት አብረው ያገለገሉ፣ ሲገናኙ መነካከፍ የሚወዱ ሰዎች ነበሩ። «አንድ ጊዜ ጌታችን ራሱ በቀትር ደክሞት ጉድጓድ ዳር ተቀምጦ ከአንዲት ሴት ውሃ መለመኑን አንስቼ፣ ‹አንተ ይህን ዘዴ ከዚያ ነው የቀዳኸው› ብዬ ሰበክሁ» አለ። «ስንወጣ ጠብቆኝ ‹ወንጌላዊ፣ አታግንነው፤ እኔ እኮ መጀመሪያ የለመንኩት የእውነት ጠምቶኝ ነው› አለኝ።» ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እመቤት ግን አንገቷን ደፋች፤ ያን ቀን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

ወንጌላዊው ሊወጣ ሲል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ አዲስ ቤት ሊጎበኝ ነበር፣ በተቀበረበት ረቡዕ። ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር። ሦስት ልጆች ይዛ ብቻዋን የቀረች ሴት ናት» አላት።

«አሁን ማን ይሄዳል?»

«ወጣቶቹን እልካለሁ። ግን ታውቂያቸዋለሽ፣ ዱቄት ካልያዙ እግራቸው አይንቀሳቀስም።»

ሰኞ የመጣው ጫማ ሰፊው ነው። እግሩን ያመዋል፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ እያነከሰ ደረሰ። ሐዘኑን ገልጾ፣ ሻዩን ጠጥቶ፣ ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣ።

«እትዬ፣ ይቺን ብታነቢልኝ። የባለቤቴ መድኃኒት ወረቀት ናት። መነጽሬን ሱቅ ረስቼው መጣሁ።»

እህትየው በረዥሙ ተነፈሰች። እመቤት ወረቀቷን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ዞረች። ፊደሉ ደቃቅ ነው። «በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ» ብላ ጀመረች። «ከሕፃናት ያርቁ። ከብዙ ውሃ ጋር...» እዚህ ላይ ድምጿ ተሰበረ። ጉሮሮዋን ጠራርጋ «ከብዙ ውሃ ጋር ይወሰድ» ብላ ጨረሰችና ወረቀቷን ልትመልስለት ቀና አለች።

ያኔ አየችው። የጫማ ሰፊው መነጽር ግንባሩ ላይ ነው። ጫማ ሲሰፋ ወደ ላይ ገፋ አድርጎ እንደሚተወው እንዲሁ ትቶት፣ በሰው ሁሉ ፊት መነጽር አናቱ ላይ ደርቦ፣ መነጽሬን ረሳሁ ይላል።

እህትየውም አየችው። «አንተ ሰውዬ!» ብላ ፈነዳች። «መነጽርህ እኮ ግንባርህ ላይ ነው! አንዱ ውሃ ቅጅልኝ፣ አንዷ ስፊልኝ፣ አንተ ደግሞ አንብቢልኝ! ሐዘንተኛ እኮ ናት! ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ?»

ጫማ ሰፊው እጁን ወደ ግንባሩ ሰደደ፣ መነጽሩን ነካው፣ ፊቱ ቀላ። «ውይ» አለ ብቻ።

እመቤት ሳቀች። መጀመሪያ ሳል መስሏት ነበር፤ ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ሳቁ ወጣ፤ ባሏ አይጥ የበላው ፀጉሩን ይዞ የገባ ዕለት እንደሳቀችው ሳቀች። ሰዎቹ ደነገጡ። እየሳቀች ዕንባዋ ይወርዳል።

«እናንተ!» አለችው። «እናንተ እኮ... እየጎበኛችሁኝ ነው!»

ጫማ ሰፊው መሬት መሬቱን እያየ «ምን እናድርግ እትዬ» አለ። «ዳቦ ጋጋሪዋ ሁለት እንቅብ ሙሉ ዳቦ አዘጋጅታ ነበር፤ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ጋሼ ቢያየን ምን ይለናል? ባዶ እጃችንን ስንገባ በዕፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጠን ደስ ባለን። እኔ ቤት የመጣ ቀን እኮ ማንም ከእኔ አንድ ነገር ፈልጎ አያውቅም ነበር። ‹የጫማዬ ሶል ተላቀቀ፣ መስፋት ትችላለህ?› አለኝ። ሳየው በቢላ ራሱ ነው ያላቀቀው።»

«እንዴ! አዲሱን ቡናማ ጫማ?» አለች እመቤት። «ለእኔ ‹ድንጋይ አደናቅፎኝ ነው› ብሎኝ!»

«ውሸት አይችልም ነበር ይባላል» አለች እህትየው ቀስ ብላ። ለጫማ ሰፊው ሌላ ሻይ ቀዳችለት።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሰው ቀለል ሲል እመቤት ቁም ሣጥኑን ከፍታ አንድ ብርጭቆ አወጣች። አፉ በአንድ በኩል የተሸረፈ፣ ሰማያዊ መስመር ያለው ተራ ብርጭቆ ነው። እህትየው ስታየው ወዲያው አወቀችው።

«የእናታችን! አለ እንዴ ይሄ?»

እህትየው ቀድማ አግብታ ስለሄደች የሆነውን በዓይኗ አላየችም። አባታቸው ከሞተ በኋላ ቤቱ ባዶ ሆኖ ነበር። አንድ ቀን ከሩቅ ቤተ ክርስቲያን ደግ ሰዎች መጡ። እውነትም ደግ ሰዎች ነበሩ፤ ዱቄቱም ጥሩ ዱቄት ነበር። ግን ግቢው መሐል ቆመው፣ ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን እያሰገገ፣ እናቷን ጆንያውን አስይዘው ፎቶ አነሷት። «ፈገግ ይበሉ እናታችን» አሏት። እናቷ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣችም፤ ዱቄቱን ስታቦካ አታወራም፣ ዳቦውን ስትቆርስ አታወራም።

በሳምንቱ በራፋቸው ላይ የቧንቧ መስመር ይቆፈር ጀመር። ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ አፈር የጠገበ ቀጭን ወጣት፣ ከጉድጓዱ ወጥቶ በራቸውን አንኳኳ። «እማማ፣ በጣም ጠማኝ፤ ውሃ ያጠጡኛል?» አለ። እናቷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ ውስጥ ዞራ፣ እመቤት ከረሳችው ቆይቶ በነበረ ድምፅ፣ «አንቺ ልጅ! እንግዳ መጥቷል፤ ደህናውን ብርጭቆ አምጪ!» አለች። ደህናው ብርጭቆ ይኸው ነው። ሌላ አልነበራቸውም። ወጣቱ በሁለት እጁ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣና ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ልጅ «እጅሽ ይባረክ እመቤት፤ ጠምቶኝ ነበር» አላት። እናቷ ያን ቀን ፀጉሯን ተሠራች። በማግስቱ ሰው ፊት ወጣች።

ወጣቱ ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ይጠማው ጀመር። ጉድጓዱ ተደፍኖ፣ ቧንቧው ውሃ መስጠት ከጀመረ በኋላም እነሱ ቤት እየመጣ ይጠማው ነበር።

«ይህን አንድም ቀን አልነገርሽኝም» አለች እህትየው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን እያነሳች።

«አፍሬ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ነይ እንሂድ ሲለኝ የቀረሁትም በዚሁ ነው። እንደ እኛ ያለ ቤት ደጃፍ ላይ መቆም አልችልም ነበር።»

ረቡዕ ጠዋት ሻንጣዋ ታስሮ በሩ አጠገብ ቆሟል። እህትየው ሻይ ቀድታ አቀረበችላት። እመቤት ስኒውን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«አመመሽ እንዴ?»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

እህትየው ስኒውን አየች፣ ሻንጣውን አየች። ምሳም ቀረበ፤ እመቤት እህሉን ቀመሰች፣ ውሃውን ግን አልነካችም። ከሰባት ሰዓት በኋላ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ተነሳች።

«መኪናው ሲመጣ አንቺ ሂጂ እህቴ» አለች። «እኔ እዚሁ ነኝ። ደርሼ የምመለስበት ቤት አለኝ።»

እህትየው ልትቆጣ ይሁን ልታለቅስ አልለየላትም። ሳምንቱን ሙሉ ስትሯሯጥ ስለ ራሷ ትንፍሽ ያላለችው ሴት፣ ወገቧን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እንግዲያው መኪናውን ለሰኞ አደርገዋለሁ» አለች። «ወገቤ ሊቆረጥ ነው። ስትመለሺ ታሺልኛለሽ።»

«አሽልሻለሁ» አለች እመቤት።

ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ የተረፈውን ዳቦ በከረጢት አንጠልጥላ ነበር። ልጆች አሉ ተብላለች፤ ሦስት። የግቢው በር ጋ ስትደርስ ቆመች። ተመልሳ ዳቦውን ቦታው አኖረችው። ከዚያ እጆቿን የት እንደምታደርጋቸው ጠፋት፤ አንዴ ኋላዋ፣ አንዴ ፊቷ እያደረገች ሄደች። ፀሐዩ ከባድ ነው። መጋዘኑን አልፋ ስትታጠፍ ምላሷ ከላንቃዋ ተጣብቋል። እያንዳንዱን ረቡዕ እንዲህ ሆኖ ይሄድ እንደነበር ዛሬ ገና ገባት።

ሰማያዊው በር ቀለሙ ተላልጧል። አንኳኳች። አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ በሩን ገርበብ አደረገች፤ ሁለት ልጆች ከቀሚሷ ጀርባ ብቅ አሉ። ሴትየዋ መጀመሪያ ያየችው የእመቤትን ፊት አይደለም፣ እጇን ነው። ባዶ ነው።

«ማንን ነው?» አለች።

እመቤት ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት። «ልጄ፣ በእግሬ መጥቼ ነው። ጠማኝ። ውሃ ብታጠጪኝ?»

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ቆመች። ከዚያ ሕፃኑን ለትልቋ ልጅ ሰጥታ ወደ ውስጥ ገባች። ዕቃ ሲለቀለቅ ተሰማ፤ አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ እንደገና። ስትመለስ ጆሮው የተሰበረ የፕላስቲክ ኩባያ በሳህን ላይ አድርጋ፣ ፀጉሯን በሌላ እጇ ወደ ኋላ እያስተካከለች ነበር።

እመቤት በሁለት እጇ ተቀበለች። ውሃው ለብ ያለ ነው፣ ጄሪካን ጄሪካን ይላል። መሐል ላይ ስትደርስ ውሃው አልወርድ አላት። ዓይኗን ጨፍና ታገለችው፣ እስከ መጨረሻው ጠጣች።

«እጅሽ ይባረክ» አለች ዕንባዋ እየወረደ። «ጠምቶኝ ነበር።»

ሴትየዋ ዕንባዋን አየች። በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና በርጩማውን በእግሯ ወደ ጥላው ሳበች።

«አረፍ ይበሉ እንጂ እናቴ። ልጨምርልዎት?»

እመቤት ተቀመጠች። ኩባያውን በሁለት እጇ ዘረጋችላት።

«ጨምሪልኝ» አለች።